ዓይነ ስውር ተማሪ መደበኛ ክፍል ሲገባ፦ ከነሐሴ እስከ ሰኔ

ለዓመታት የሠራሁት በልዩ ፍላጎት መምህርነት፣ በመደበኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው። ዓይነ ስውር የሆኑና ጭላንጭል የሚያዩ ልጆች ስድሳ ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ከሌላው እኩል እንዲማሩ አግዛለሁ። ይህን የምጽፈው በመጪው መስከረም እንዲህ ያለ ተማሪ ለምትቀበሉ መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራንና ወላጆች ነው። በጎ ልብ ያላቸው መምህራን ሲቸገሩ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። የሚቸገሩት ድጋፉ ሁልጊዜ ከትምህርቱ ኋላ ስለሚደርስ ነው። ምዕራፉ ዛሬ ይሰጣል፣ ብሬሉ (በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበው የነጥብ ጽሑፍ) ከሳምንት በኋላ ይመጣል፣ ፈተናው ደግሞ ሁለቱንም አይጠብቅም። እስከዚያ ልጁ የሚደርሰው ሐዘኔታ ብቻ ነው። ተማሪውን ማክበር የሚጀምረው አስቀድሞ ከመዘጋጀት ስለሆነ፣ መቼ ምን መዘጋጀት እንዳለበት በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ነሐሴ ላይ፣ ከምዝገባው ጠረጴዛ ፊት ነው። መዝጋቢው ልጁ አጠገቡ ቆሞ ሳለ እናቱን «ምን ሆኖ ነው? ሲወለድ ጀምሮ ነው?» ይላል፤ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ይሰማል። ይህን አታድርጉ። ልጁን ከእናቱ ጋር ገለል አድርጋችሁ ራሱን ጠይቁት። ብርሃንና ጨለማ ይለያል? ቀለምስ? የመጽሐፍ ርዕስ ማንበብ ይችላል? ብሬል ተምሯል? ነጭ በትር ይጠቀማል? ከቤቱ በየት በኩል፣ ከማን ጋር ይመጣል? ዓይኑ ላይ የሚጨምረው መድኃኒት አለ? መልሱን ጽፋችሁ ለሚያስተምሩት መምህራን ብቻ ስጡ። የጉዳቱ መነሻ ምን እንደሆነ ለማስተማር እምብዛም አይጠቅማችሁም። ማወቅ ያለባችሁ እይታው ባለበት የሚቆም ወይስ እየቀነሰ የሚሄድ መሆኑን ነው። እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ ልጁ ገና በዓይኑ ማንበብ እየቻለ ብሬል ይጀምር። እይታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ የተጠበቀበት ልጅ ሐዘኑንና አዲሱን ፊደል በአንድ ላይ መሸከም ይኖርበታልና በጣም ይከብደዋል።

«ዓይነ ስውር» ተብለው ከተመዘገቡት መካከል ትልልቅ ፊደል ማንበብ የሚችሉ አሉ። በሌላ በኩል ምንም ሳይመዘገብላቸው «ሰነፍ» ተብለው፣ ከጎረቤታቸው ደብተር እየገለበጡ ዓመቱን የሚጨርሱ አሉ። ስለዚህ በመስከረም የክፍሉን ልጆች በሙሉ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ዕቃው ደግሞ በእጅ የሚሠራ ነው። በነጭ ወረቀት ላይ ቁመቱ 17.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የላቲኑን ኢ (E) ፊደል በደማቅ ጥቁር ሥሩ። ልጁ 6 ሜትር ርቆ ይቁም፤ አንድ ዓይኑን ሳይጫን በመዳፉ ይሸፍን። እናንተ ምልክቱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እያዞራችሁ አሳዩት፤ እሱ የፊደሉ ሦስት ጣቶች ወደየት እንደሚያመለክቱ በእጁ ያሳይ። ከአምስት ጊዜ አራቱን ካልመለሰ፣ ወይም ሁለቱ ዓይኖቹ የተለያየ ውጤት ካሳዩ፣ በሌላ ቀን ድገሙት። ያኔም ካልሆነ ወደ ዓይን ሕክምና ይላክ። አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ጎንደርና ጅማ ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎቹ ሆስፒታሎች የዓይን ክፍል አላቸው። ዓይኑ የቀላ፣ የሚያለቅስ ወይም ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ ልጅ ካያችሁ ሩቅ ሳትሄዱ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ አገራችን በትራኮማ ከዓለም እጅግ ከተጎዱት አንዷ ናትና። መነጽር ግን ከመንገድ ዳር እየሞከሩ አይገዛም። በሐኪም ተለክቶ ካልታዘዘ ልጁ ራሱን እያመመው ከናካቴው ይተወዋል።

ትምህርት ከመከፈቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ግቢው ባዶ ሳለ፣ ተማሪውን በግቢው አስተዋውቁት። ሁሉንም በአንድ ቀን አታሳዩት። መጀመሪያ ከበር እስከ ክፍል፣ ቀጥሎ ከክፍል እስከ መጸዳጃ፣ ከዚያ ከክፍል እስከ ውሃው ቧንቧ። መነሻው ሁልጊዜ ክፍሉ ይሁን። የእርምጃ ቁጥር ከማስቆጠር ይልቅ ምልክት አስይዙት፤ ኮረቱ አልቆ ሲሚንቶ የሚጀምርበት፣ መሬቱ ቁልቁል የሚልበት፣ ከግድግዳው ጥግ ነፋስ የሚመጣበት ቦታ አይረሳም። ስትመሩት እጁን ይዛችሁ አትጎትቱት፤ በትሩንም አትያዙበት። ክርናችሁን ስጡትና ከክርናችሁ ከፍ ብሎ ይያዝ፤ ግማሽ እርምጃ ከኋላችሁ ይሆናል። ጠባብ ቦታ ስትደርሱ ክንዳችሁን ወደ ጀርባችሁ አዙሩ፤ እሱ ገብቶት ከኋላችሁ ይሰለፋል። ደረጃ ጋ ስትደርሱ ቆም በሉና «ወደ ላይ» ወይም «ወደ ታች» በሉት። ያ ብቻ ይበቃል።

አብዛኛው ሰው የማያስተውለው አደጋ መስኮቱ ነው። የክፍሎቻችን የብረት መስኮቶች ወደ በረንዳው ይከፈታሉ፤ ጠርዛቸው ልክ በልጅ ግንባር ከፍታ ላይ ነው። ነጭ በትር መሬት ያለውን እንጂ በአየር ላይ ያለውን አያገኝም። መስኮቶቹ እስከ መጨረሻ ተገልብጠው ግድግዳው ላይ በሽቦ ይታሰሩ። በሮችም ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈቱ ወይ ይዘጉ፤ ገርበብ ያለ በር ፊት ይመታል። ክፍት ቦይ ላይ ቢያንስ ተማሪው በሚሻገርበት በኩል ሰፊ ጣውላ ወይም የሲሚንቶ ክዳን ይደረግበት። የመረብ ኳስ ገመድ ከጨዋታ በኋላ ይፈታ። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው የአንድ ቀን ሥራና ጥቂት ሽቦ ነው። አዲስ ሕንፃ የሚያሠራ ትምህርት ቤት ደግሞ የሕንፃ አዋጁ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ሆኖ እንዲሠራ እንደሚያዝ ለተቋራጩ ከመሠረት በፊት ያሳየው።

የመጀመሪያው ሳምንት የሚበላሸው በአነጋገር ነው። ከንፈር መምጠጥ በእኛ ዘንድ የርኅራኄ ምልክት ነው፤ በቀን ሃያ ጊዜ ለሚሰማው ልጅ ግን ሰው ሁሉ ገና ሲያየው እንደሚያለቅስለት ያህል ነው። መንገድ ላይ ሳንቲም እጁ ላይ የሚያኖሩለትም አሉ፤ ደብተር ይዞ፣ ዩኒፎርም ለብሶ ሳለ። መምህራን ደግሞ ይህን ከልባችሁ ተዉት፦ «እስቲ ማን ነኝ? በድምፄ ለየኝ!» ልጁ ይስቃል፤ የሚስቀው ግን ምርጫ ስለሌለው ነው። ስትቀርቡት ስማችሁን ተናገሩ፤ ስትሄዱም «ሄድኩ» በሉ፤ አለዚያ ብቻውን ሲያወራ ይገኛል። ክፍል ውስጥ ስትጠሩት በስሙ ጥሩት፤ በጣት እየጠቆማችሁ «አንተ» ብትሉ ማን እንደተጠራ አያውቅም። «አያችሁ?» «ተመልከቱ» ማለትን ግን አትፍሩ። እሱም «ትናንት ኳስ አየሁ» ይላችኋል። ከታላቅ እህቱ ጋር ሲመጣ ደግሞ ጥያቄውን ለእሷ ሳይሆን ለእሱ አቅርቡ።

የት ይቀመጥ? ሁሉም «ፊት ለፊት» ይላል፤ ጭላንጭል ለሚያይ ልጅ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ፊደሉ ለዓይን እጥፍ ይሆናል። እይታው 6/60 የሆነ (ጤነኛ ዓይን ከ60 ሜትር የሚለየውን ከ6 ሜትር ብቻ የሚለይ) ልጅ በ6 ሜትር ርቀት የሚለየው ትንሹ ፊደል ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 2 ሜትር ላይ ከተቀመጠ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ይለያል። ይህ ግን እየታገለ የሚለየው ነው፤ ሳይደክም እንዲያነብ እጥፉ ያስፈልገዋል። ስለዚህ 2 ሜትር ላይ አስቀምጡትና 6 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው ፊደል ጻፉ። ከዚህ በላይ መሥራት አይጠበቅባችሁም፤ ከኋላ የተቀመጡትም ያመሰግኗችኋል።

የእኛ ፊደል ከላቲኑ የሚለየው የድምፁ ልዩነት በጥቃቅን ምልክት ላይ በመሆኑ ነው። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ቤ የሚለያዩት በትንሽ ቅጥያ ነው፤ ለ እና ሉም እንዲሁ። ጭላንጭል የሚያይ ልጅ ግንዱን ያያል፣ ቅጥያው ያመልጠዋል፤ ከዚያ በግምት ያነብና «ንባብ አይችልም» ይባላል። ቅጥያውን ረዘም አድርጋችሁ ጻፉ፤ በቃላት መካከል የሁለት ፊደል ያህል ክፍተት ተዉ። ጠመኔው ነጭ ወይም ቢጫ ይሁን። ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለእሱ የሉም፤ መምህሩ ደግሞ ዋናውን ሐሳብ የሚያሰምርበት በቀዩ ነው! ሰሌዳው ግራጫ ከሆነ በጠመኔ ብናኝ ላይ ነው የምትጽፉት፤ ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግና ይድረቅ። በዓመት አንድ ጊዜም በሰሌዳ ቀለም ይቀባ። አንዳንድ ቦታ የደረቅ ባትሪ ውስጡን ፈጭተው ሰሌዳ ያጠቁራሉ፤ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ ለሳንባም ለአንጎልም መርዝ ነውና በተለይ ልጆችን ይህን ሥራ አታሠሩ።

መጽሐፉን አፍንጫው ላይ አስጠግቶ የሚያነብን ልጅ «ዓይንህን ታጠፋለህ» ብላችሁ አትቆጡ። አስጠግቶ ማንበብ ዓይንን አይጎዳም፤ የሚጎዳው አንገቱን ነውና ከጣውላ የተሠራ ዘንበል ያለ የመጽሐፍ ማስደገፊያ ስጡት። ኤ4 ገጽ ወደ ኤ3 ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ባለ 12 ነጥቡ ፊደል ወደ 17 ይደርሳል፤ ለብዙዎቹ ይህ በቂ ነው። መስመር የሚጠፋበት ልጅ ካለ ከጥቁር ካርቶን 15 በ2 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ቁረጡለት፤ መስመሩ ላይ አኑሮ እያንሸራተተ ያነባል። ለመጻፍ ከእርሳስ ይልቅ ጥቁር ወፍራም እስክሪብቶ ይሻለዋል። በስልክ ካሜራ ሰሌዳውን አንስቶ ማጉላት ከሁሉም የረቀቀ ዘዴ ነው፤ ስልክ የሚከለክል ትምህርት ቤት ከሆነ ርዕሰ መምህሩ አንድ የፈቃድ ወረቀት ጽፎ ይስጠው፤ ያለዚያ በየበሩ ጥበቃ ሲነጥቀው ይኖራል።

አልቢኒዝም (የቆዳ፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም ማነስ) ያለበትን ልጅ ለብቻው ልጥቀስ። ዓይኑ ብርሃን አይችልም፤ ስለዚህ መስኮቱ ከጀርባው ይሁን እንጂ ፊት ለፊቱ አይሁን። ኮፍያ በክፍል ውስጥም ይፈቀድለት፤ «ኮፍያ አውልቅ» የሚለው ደንብ እሱን አይመለከትም። ዓይኑ ይርገበገባል፤ ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ሲያይ ግን ርግብግቡ ቀንሶ የተሻለ ያያል፤ «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» አትበሉት። የጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ሲረዝም ጥላ ያለበት ቦታ ይቁም፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ቢደረግ ቆዳው ይተርፋል። ረጅም እጅጌ ለእሱ ልብስ ብቻ ሳይሆን መከላከያም ነው፤ የፀሐይ ክሬም ማግኘት የሚችል ቤተሰብ ካለ ልጁ ከቤት ሳይወጣ ይቀባ።

አሁን ወደ ብሬል። የሚጻፍበት ዕቃ ሁለት ነው፦ ስሌት የሚባለው ባለ መስኮት ማጠፊያና ስታይለስ የሚባለው መውጊያ። ወረቀቱ የሚወጋው ከጀርባው ስለሆነ ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሲገለበጥ ነጥቦቹ ወደ ላይ ወጥተው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። ለጀማሪ «የግራው ነጥብ» «የቀኙ ነጥብ» ማለት የሚያምታታው ለዚህ ነው፤ በቁጥር ጥሩለት፦ ነጥብ 1፣ ነጥብ 2፣ እስከ 6። ስድስት ጉድጓድ ያለው የእንቁላል መያዣ ካርቶን ቆርጣችሁ ጠጠር እያስቀመጠ ቢለማመድ ከወረቀቱ በፊት ቅርጹን በእጁ ያውቀዋል። ጣቶቹን ለማሠልጠን ምስር፣ ስንዴና ሽንብራ ደባልቃችሁ እንዲለይ አድርጉት። በሁለት እጁ ያንብብ፤ ቀኙ ያነባል፣ ግራው የሚቀጥለውን መስመር መጀመሪያ ይፈልጋል። ጣት ወረቀቱን ሲጫን ነጥቡን የመለየት ስሜቱን ያጣል፤ የሚፈለገው ቀለል ብሎ መዳሰስ ነው። የተሳሳተ ፊደል ስድስቱንም ነጥብ በመውጋት ይሰረዛል።

መምህሩ ሊያውቅ የሚገባው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ስሌት ላይ የምትጽፍ ተማሪ የጻፈችውን ለማንበብ ወረቀቱን ማውጣት አለባት። «ያልኳችሁን መልሺ አንብቢ» ስትሏት ዝም የምትለው አለመስማቷን አያሳይም። በአማርኛ ብሬል ሳድስ ፊደል ብቻውን ሲጻፍ ሌላው ከአናባቢ ምልክት ጋር ነው። «ሰላም» በቀለም ሦስት ፊደል፣ በብሬል አምስት ሕዋስ (ባለ ስድስት ነጥብ ቦታ) ነው። ስለዚህ ማስታወሻ ስታስጽፉ የፍጥነታችሁ መለኪያ የስታይለሱ ድምፅ ይሁን፤ ኳኳታው ሲቆም ቀጥሉ። ያ ድምፅ ክፍሉን አይረብሽም፤ «ቀስ አድርጊ» አትበሉ፤ ቀስ ብሎ የተወጋ ነጥብ አይነበብም። ወረቀቱ ወፍራም መሆን አለበት። የተለመደው የኮፒ ወረቀት 80 ግራም ነው፣ ይቀደዳል፤ ለብሬል ከ120 ግራም በላይ ያለው ይመረጣል። ሲጠፋ ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካሌንደር ወረቀት ጥሩ ነው። የብሬል መጽሐፍን ደራርባችሁ አታስቀምጡ፤ ክብደቱ ነጥቡን ይደፈጥጠዋል። መደርደሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከእርጥበትም ይራቅ።

ትልቁ ለውጥ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በቀለም የታተመ አንድ ገጽ በብሬል ከሁለት እስከ ሦስት ገጽ ይሆናል፤ መጽሐፉ ብዙ ቅጽ ሆኖ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም አይመጣም። በምዕራፍ ሁሉ ላይ መሯሯጥ አያዋጣም። የሠራልኝ አሠራር ይህ ነው፦ እያንዳንዱ መምህር ረቡዕ ላይ የሚቀጥለውን ሳምንት ማስታወሻ፣ የቤት ሥራና ሥዕል ለልዩ ፍላጎት መምህሩ ወይም ለመርጃ ማዕከሉ ይሰጣል፤ ዓርብ ዝግጁ ይሆናል፤ ተማሪዋ ሰኞ ስትገባ ጽሑፉ እጇ ላይ ነው። የልዩ ፍላጎት መምህር በሌለበት ትምህርት ቤት ሁለት ንባብ የሚችሉ የበላይ ክፍል ተማሪዎች በስልክ እየቀዱ ቢሰጧት ይበቃል። አነባበቡ የገጽ ቁጥርና ርዕስ ጠቅሶ ይጀምር፣ አንድ ፋይል ከአንድ ንዑስ ርዕስ አይለፍ። የአንድ ሰዓት ቅጂ ውስጥ አንድ ትርጉም መፈለግ ማሰቃየት ነው። ኮምፒውተር ካለ ኤንቪዲኤ የሚባለው የገጽ አንባቢ (በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ኢስፒክ በተባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፣ ልጆች ግን በሁለት ሳምንት ይለምዱታል። ያስተውሉት የሚገባው በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ በገጽ አንባቢው የማይገባ ኮተት ሆኖ እንደሚነበብ ነው። ፈተናና ማስታወሻ በዩኒኮድ፣ ለምሳሌ በኒያላ ፎንት ይተየቡ። ፎቶ ተነሥቶ ፒዲኤፍ የሆነ መጽሐፍም ለገጽ አንባቢ ባዶ ገጽ ነው።

ሒሳብ ላይ ልቆይ፤ በብዛት የሚጎዱበት እዚህ ነውና። ዓይነ ስውር ተማሪን ከሒሳብ ነፃ ማድረግ በብዙ ትምህርት ቤት እንደ ቸርነት ይቆጠራል። ክፍለ ጊዜው ሲደርስ ልጁ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። ከዓመታት በኋላ ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ ወይም ኮምፒውተር መማር ሲፈልግ በሩ የተዘጋው በዚያ ጥላ ሥር መሆኑን ያውቃል። ሒሳብ የሚከብደው አነጋገራችን ስለሚያደናግር ነው። «ይህ ሲደመር ያ፣ እዚህ ጋ ሲካፈል» ማለት ለማያይ ምንም አይደለም። «ሁለት ኤክስ ሲደመር ሦስት ሲካፈል ለአራት» ስትሉ አራቱ ሦስቱን ብቻ ነው የሚያካፍለው ወይስ ሁሉን? «ቅንፍ ክፈት፣ ሁለት ኤክስ ሲደመር ሦስት፣ ቅንፍ ዝጋ፣ ጠቅላላው ሲካፈል ለአራት» በሉ። እየጻፋችሁ የምትጽፉትን ሁሉ በድምፅ አንብቡ። ለማስላት አባከስ የሚባለው በእንክብል የሚቆጠርበት መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እንክብሎቹ እንዳይንሸራተቱ ከሥሩ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ያለው ዓይነቱ ነው የሚሆነው።

ለጂኦሜትሪ ጣውላ ላይ በየ2 ሴንቲ ሜትሩ ሚስማር ምቱና 10 በ10 የሆነ መረብ ሥሩ፤ ጎማ በማስወጠር ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ ግራፍ ሁሉ ይሠራበታል። ወረቀት ላይ የሚዳሰስ ሥዕል ከፈለጋችሁ የልብስ ሰፊዎችን ባለ ጥርስ መንኮራኩር ውሰዱ። ወረቀቱን ጎማ ላይ አንጥፋችሁ ከጀርባው በኩል መስመሩን ተከትላችሁ አንከባሉት፤ ሲገለበጥ መስመሩ ይነሣል። ሥዕሉ ግን ከጀርባ ስለተሠራ ግራና ቀኙ እንደሚለዋወጥ አትርሱ፤ የኢትዮጵያን ካርታ ስትሠሩ ሶማሌ ክልል ወደ ምዕራብ እንዳይሄድባችሁ በመጀመሪያ ገልብጣችሁ ሣሉት። አንድ ሥዕል ላይ ብዙ አታጭቁ። ወንዙ፣ ተራራውና ድንበሩ በአንድ ወረቀት ከሆኑ ጣት አንዱን ከሌላው አይለይም፤ በሦስት ወረቀት ይሠሩ።

የክፍል ጓደኞች ድጋፍ ውድ ነው፣ ግን ሊበላሽ ይችላል። አንድ ጎበዝ ተማሪ መርጦ «አንተ ኃላፊነቱን ውሰድ» ማለት ሁለቱንም ይጎዳል። ረዳቱ ጨዋታውን ያጣል፣ ተረጂውም ሌላ ጓደኛ አያገኝም፤ ረዳቱ የቀረ ቀን እሱም ይቀራል። አራት አምስት ፈቃደኞች በየሳምንቱ ይለዋወጡ፤ ማን እንዲያነብለት እንደሚፈልግ ራሱ ይምረጥ። ሰሌዳ ማንበብ ይረዱት፤ የቤት ሥራውን መሥራት አይደለም። እሱም የሚሰጠው ይኑረው፤ በቃል የማጥናት ልምድ ያለው ልጅ ለቡድኑ የታሪክ ጥያቄ መላሽ ይሆናል። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዜማና ቅኔ የሚያስተምሩ ዓይነ ስውር መምህራን ሁልጊዜም ነበሩ፤ ማየት የተሳነው ሰው ሲያስተምር ማየት ለአገሩ ባዳ አይደለም። ቡድኑ ሲያወራ እያንዳንዱ ስሙን ጠርቶ ይናገር፤ የድምፅ ጫካ ውስጥ ማን ምን እንዳለ መለየት ያደክማል። የቅዳሜ ጽዳት፣ የተረኛ ሥራ ሁሉ ለእሱም ይመደብ። ከተራ የወጣ ልጅ ከጓደኝነትም ይወጣል።

ቤተሰብ ዘንድ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ታያላችሁ፤ ልጁን ለሕዝብ ዓይን አውጥቶ ለማሳየት መፍራት ወይም ሁሉን ነገር ሠርቶ መስጠት። «ወተት ራሱ ይቅዳ፣ ጫማውን ራሱ ይሰር» ስትሉ እናት «ይቃጠልብኛል» ትላለች። አትከራከሯት። ልጁ በትምህርት ቤት የሠራውን አንድ ነገር በየሁለት ሳምንቱ ንገሯት፤ ከመጸዳጃ ብቻውን መመለሱን፣ ስሙን በብሬል መጻፉን። ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚጠራው ጥፋት ሲኖር ብቻ ሲሆን ስልካችሁን ማንሳት ያቆማል።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ሲመጣ የብዙ ትምህርት ቤት ዝግጅት የሚፈርሰው ይህ ሳምንት ነው። ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ሦስት ነገር ወስኑ፦ በብሬል ነው በአንባቢ፣ የት ክፍል፣ ስንት ተጨማሪ ሰዓት። አንባቢው ፈተናው የሚሰጥበትን ትምህርት የሚያስተምር አይሁን፤ ሳያስበው በድምፁ መልሱን ይጠቁማልና። ቋንቋውን በደንብ የሚያነብ፣ አንድ ጊዜ የተለማመደ ይሁን። ጥያቄውን እንደተጻፈ ያንብብ፣ አያብራራ፣ አያሳጥር፣ አራቱንም ምርጫ በአንድ ዓይነት ድምፅ ያንብብ፣ ሲጠየቅ ሁሉንም ይድገም። ተፈታኙ በሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ ንባቡ ሌሎችን እንዳይረብሽ ብቻ ሳይሆን ራሱም ሃምሳ ሰው የሚሰማው ስለሚመስለው ደግሞ ለመጠየቅ እንዳያፍር ነው። ተጨማሪ ጊዜን እኔ የምሰጠው ለእያንዳንዱ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ነው፤ ብሬል የሚያነብ ከሆነ ሊበልጥ ይችላል።

ጥያቄ አዘጋጁ ደግሞ «አዛምድ» የሚለውን ይጠንቀቅ። በ«ሀ» ረድፍ አሥር፣ በ«ለ» ረድፍ አሥራ ሁለት ቃል በጆሮ ሰምቶ ማዛመድ የማስታወስ ፈተና ነው እንጂ የጂኦግራፊ አይደለም። አራት አራቱን ክፈሉት ወይም በብሬል ስጡት። በሥዕልና በካርታ የሚጠየቀውን በቃል መግለጫ ተኩት፤ ዝለሉት አትበሉ፤ ከተዘለለ የውጤቱ መሠረት ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን፤ ከ100 የሚታረመው ሌላ ነው ከ85 የሚታረመው ሌላ።

የክልልና የአገር አቀፍ ፈተና ያለባቸው ተማሪዎች ምዝገባ ላይ የጉዳቱ ዓይነትና የሚያስፈልገው ድጋፍ በመዝገቡ ውስጥ በትክክል መግባቱን ወረቀቱን ራሳችሁ አይታችሁ አረጋግጡ። ፈተናው ዕለት «አልተመዘገበም» ሲባል መመለሻ የለውም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት እንደጀመረ ታውቃላችሁ። ይህ ለዓይነ ስውር ተማሪ በማያውቀው ግቢ፣ በማያውቀው ማደሪያ ብዙ ቀን ማለት ነው። ቀድሞ የሚጓዝበትን ቀን፣ መጸዳጃና ምግብ ቤት የሚያሳየውን ሰው፣ አንባቢውን ማን እንደሚመድብ ከወዲሁ ጠይቁ። ስሌቱን፣ ሁለት ስታይለስና ወረቀቱን ሻንጣው ላይኛው በኩል ያስቀምጥ። በጥበቃ ፍተሻ ስታይለስ የተሳለ ብረት ነው ተብሎ ሊያዝ ስለሚችል ከትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይያዝ። በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው። ደብዳቤው ውስጥ ይህን መጥቀስ አይከፋም።

ሰኔ ላይ፣ የውጤት ካርድ ሳይታደል፣ አንድ ገጽ ጻፉ፤ የሚቀጥለው ዓመት መምህር ከዜሮ እንዳይጀምር። የትኛው ፊደል መጠን እንደሚመቸው፣ ከሰሌዳው ስንት ሜትር እንደሚቀመጥ፣ ብሬል በደቂቃ ስንት ቃል እንደሚያነብ፣ በየትኛው መንገድ ብቻውን እንደሚሄድ፣ በፈተና ምን ያህል ጊዜ እንደተጨመረለት፣ የትኞቹ ጓደኞች ቢመደቡ እንደሚስማሙት። ከመስጠታችሁ በፊት ለራሱ አንብቡለት፤ «ይህ ይውጣ» ያለውን አውጡ፣ «ይህ ይጨመር» ያለውን ጨምሩ። ወረቀቱን በእጁ ስጡት እንጂ በመዝገብ ቤት በኩል አትላኩ፤ መስከረም ላይ ለአዲሱ መምህር የሚሰጠው እሱ ነው።